መልስ፦ «በማየት የምትማሪ ነሽ ተባልኩ፣ ባዮሎጂ ግን ፈተና ላይ ይጠፋብኛል»

ደብተርሽን በአራት ቀለም ማስመሩን ተዪው። የሚጠፋብሽ በደንብ ስላላየሽው አይደለም። ደብተሩን ዘግተሽ ራስሽን ስለማትጠይቂ ነው።

ዛሬ ማታ የሴል ክፍፍልን አንዴ አንብቢ። ከዚያ ደብተሩን ክደኚና የማይቶሲስን ደረጃዎች ባዶ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ሳዪ፤ በየሥሩ ምን እንደሚሆን ጻፊ። ገልጠሽ አነጻጽሪ። የነገ ጥናትሽ የጎደለው ብቻ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ሳታነቢ ድገሚው።

እንደ ቫርክ ያሉ «በማየት ነው ወይስ በመስማት የምትማሪው» የሚሉ መጠይቆች የሚነግሩሽ የምትወጂውን መንገድ ነው፤ ትምህርቱ አእምሮሽ ውስጥ የሚቀርበትን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፓሽለርና ባልደረቦቹ በዚህ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ገምግመው ነበር። ትምህርትን ከተማሪው «ስታይል» (ይመቸኛል ከሚለው የመማሪያ መንገድ) ጋር ማዛመድ ውጤት እንደሚያሻሽል በቂ ማስረጃ አላገኙም። ይልቅ መንገዱን የሚወስነው ትምህርቱ ራሱ ነው፦ ለሴል ሥዕል፣ ለእንግሊዝኛ አነባበብ ጆሮ። ሒሳብማ ያለ እስክሪብቶ አይሆንም።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። የማስጠናቸው ልጆች የድሮ ማትሪክ ሲሠሩ መልሱን አጠገባቸው ያደርጋሉ። ትንሽ ሲከብዳቸው ሰረቅ አድርገው ያዩና «አውቄው ነበር እኮ» ይላሉ። መልሱን ሌላ ክፍል አስቀምጪው፣ ወይም ቤት ላለ ሰው አስይዢው።