የቤተ መጻሕፍት ኢንተርኔት፦ ለማን እንጻፍ? ምን እንጠይቅ?

ጥያቄ፦ በአራዳ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። በልገሳ ያገኘናቸው ኮምፒዩተሮች አሉን፤ የኢንተርኔት ክፍያው በበጀት ስላልተያዘ ግን መስመሩ ከተቋረጠ ወራት አልፈዋል። ኮምፒዩተሮቹ ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ተማሪዎቹም በየስልካቸው ጥቅል ገዝተው ደጃፋችን ላይ ቆመው የፈተና ውጤታቸውን ያያሉ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ለኢንተርኔት በሕግ የተደነገገ ቅናሽ እንደሚያገኙ ሰምቻለሁ። ይህ እንዴት ተገኘ? እኛስ አቤቱታችንን ለማን እናቅርብ? ለፓርላማ ነው?

መልስ፦ ብዙ አቤቱታ መና የሚቀረው አድራሻው ስለሚሳሳት ነውና ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንጀምር። የጠቀሱት ችግር በሁለት የተለያዩ አካላት እጅ ያለ ነው። ወርኃዊ ክፍያው የበጀት ጉዳይ ነው፤ የወረዳ ተቋም በጀት ደግሞ በክፍለ ከተማና በከተማው ፋይናንስ ቢሮ በኩል አልፎ የሚጸድቀው በአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ነው። የቴሌኮም ኩባንያዎች ግዴታ ግን የፌዴራል ጉዳይ ነው፤ የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎትን የመቆጣጠር ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ለፌዴራል መንግሥት ተሰጥቷል። ስለዚህ አራት ኪሎ ያለው ፓርላማ ለእርስዎ ቤተ መጻሕፍት ቅርብ ቢሆንም በወረዳዎ በጀት ላይ አንዲት ብር አይጨምርም፤ የከተማው ምክር ቤትም በኩባንያዎቹ ላይ ግዴታ ሊጥል አይችልም። ሁለት ደብዳቤ ያስፈልግዎታል፤ አንዱ ለከተማው፣ ሌላው ለፌዴራሉ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ።

የአሜሪካው ቅናሽ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ነው። ሕጉ በምክር ቤት ሲመከርበት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበርና የትምህርት ወገኖች በብርቱ ተሟግተው ነበር። ስኖው፣ ሮክፌለር፣ ኤክሶንና ኬሪ የተባሉ፣ ሰፊ የገጠር ሕዝብ ካላቸው ግዛቶች የተመረጡ አራት ሴናተሮች ባቀረቡት ማሻሻያ መሠረት ትምህርት ቤቶች፣ የገጠር የጤና ተቋማትና ቤተ መጻሕፍት በሕጉ አንቀጽ 254 ውስጥ በስም ተጠቀሱ። ፕሬዚዳንት ክሊንተንም ሕጉን የፈረሙት በኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር። ቅናሹ እንደ አካባቢው የድህነት መጠንና እንደ ገጠርነቱ ከ20 እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። ገንዘቡ የሚመጣው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ሳይሆን የቴሌኮም ኩባንያዎች ከገቢያቸው ከሚያዋጡት ፈንድ ነው፤ ኩባንያዎቹም መዋጮውን መልሰው በደንበኞቻቸው ሒሳብ ላይ ይጨምሩታል።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማወቁ ከቅናሹ መጠን ይልቅ ለእኛ ይጠቅማል። ከመንግሥት በጀት ለአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ድጋፍ የሚያከፋፍለው የፌዴራል ተቋም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ሥራው ወደ ዝቅተኛው ደረጃ እንዲወርድ ተወስኖበት ነበር፤ የግዛት መንግሥታት ፍርድ ቤት ሄደው እስከመሟገት ደረሱ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቴሌኮሙን ፈንድ ሕጋዊነት በ6 ለ3 ድምፅ አጸና። የመጀመሪያው ገንዘብ በየዓመቱ የበጀት ውሳኔ የሚጠብቅ ነው፤ ሁለተኛው በሕግ በተጣለ ግዴታ ላይ የቆመ ነው። በእኛ አስተያየት የአገራችን ባለሙያዎች ሁለቱንም መንገድ ጎን ለጎን ሊይዙት ይገባል፤ በልገሳና በበጀት ብቻ የተንጠለጠለ ቤተ መጻሕፍት ግን በየዓመቱ ከዜሮ መጀመሩ አይቀርም።

ቅናሹ ያለ ቅድመ ሁኔታ እንዳልተሰጠም ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሌላ ሕግ በዚህ ቅናሽ ኢንተርኔት የሚያስገቡ ቤተ መጻሕፍት የማጣሪያ ሶፍትዌር እንዲጭኑ አስገደደ፤ የአሜሪካው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር የመናገርና የማንበብ ነፃነትን ይጋፋል ብሎ ቢከስም እ.ኤ.አ. በ2003 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታ። ድጋፍ የሚጠይቅ ሰው ከድጋፉ ጋር ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ ማንበብ አለበት።

ወደ አገራችን እንመለስ። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሟል፤ አገልግሎቱ ላልደረሰው ሕዝብ እንዲደርስ የማድረጉን ጉዳይና ለዚሁ የሚውለውን ፈንድም ይመለከታል። መሠረቱ ስላለ አዲስ አዋጅ እንዲወጣ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው። ዝርዝሩ የሚወሰነው በመመሪያ ነው፤ ስለ መመሪያ ደግሞ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አንድ ጠቃሚ በር ከፍቷል። አንድ የፌዴራል አስተዳደር ተቋም መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ይፋ አድርጎ የሕዝብ አስተያየት መቀበል አለበት። ረቂቅ ሲወጣ የእርስዎና የሙያ ባልደረቦችዎ ሥራ «የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት» የሚሉት ቃላት ከተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ውስጥ በግልጽ እንዲገቡ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። «የማኅበረሰብ ተቋማት» በሚል ጥቅል ስያሜ ሥር መጠለሉ አያዋጣም፤ ገንዘቡ ሲከፋፈል መጀመሪያ የሚረሳው በስም ያልተጠራው ነው።

ለከተማው የሚጽፉት ደብዳቤ ከዚህ ይለያል። ኮምፒዩተር አይጠይቁ። ኮምፒዩተር ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ለወርኃዊ ሒሳብ የሚነሣ ፎቶግራፍ ስለሌለ ለጋሽም ኃላፊም ይሸሸዋል። የኢንተርኔት ክፍያው በመደበኛ በጀት ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ሆኖ እንዲያዝ ይጠይቁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር ጥያቄው የወረዳው ዕቅድ በሚዘጋጅበት በዓመቱ አጋማሽ መድረስ አለበት፤ በግንቦት የመጣ ደብዳቤ ለከርሞ ነው። ከደብዳቤው ጋር የመግቢያ መዝገቡን ፎቶ ኮፒ ያያይዙ፤ በፈተና ሰሞን በቀን ስንት ተማሪ እንደገባ፣ ኢንተርኔት ፈልጎ ስንቱ እንደተመለሰና የወር ክፍያው ስንት ብር እንደሆነ በአንድ ገጽ ያስፍሩ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ላይ አብርሆትን የመሰለ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት እያለና ወጣቱ ሁሉ ስልክ በእጁ ይዞ፣ ለትንንሾቹ ቤተ መጻሕፍት ኢንተርኔት ገንዘብ ማውጣት ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ብዙ አንባቢ ይይዛል፤ ነገር ግን ከትምህርት ቤት ወጥቶ ከመምሸቱ በፊት ቤቱ መድረስ ያለበት ልጅ የሚገባው በሰፈሩ ወዳለው ነው። ስልክ መልእክት ለመለዋወጥ ይበቃል፤ ረጅም ቅጽ ለመሙላት፣ የማመልከቻ ደብዳቤ ለመጻፍና የቆዩ የፈተና ወረቀቶችን ለማጥናት ግን አይመችም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ማውዝ ይዞ የማያውቅ ተማሪ ከሚያውቀው ጋር እኩል ተፈታኝ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ እኛ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር አባላት ነን። በሕግና በበጀት ጉዳይ ባለሥልጣናትን መወትወት ፖለቲካ ውስጥ መግባት አይሆንብንም?

መልስ፦ ሥጋታችሁ ከቀድሞው ሕግ የተረፈ ነው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ነክ ጉዳዮች ላይ እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። እርሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች ከሥራቸው ጋር የተያያዙ ሕጎችና ፖሊሲዎች እንዲሻሻሉ ሐሳብ እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል። ለፓርቲ መቀስቀስ ሌላ ነው፤ የቤተ መጻሕፍትን የኢንተርኔት ክፍያ መጠየቅ ሌላ ነው። ከኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑም ሆነ ከፋይናንስ ቢሮው መረጃ ስትፈልጉ፣ ለምሳሌ ፈንዱ ለምን ለምን እንደዋለ ለማወቅ፣ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የተደነገገውን መረጃ የማግኘት መብት ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ገቢ ሲሆንም ቀንና ቁጥር የተጻፈበትን ቅጂ ተቀብላችሁ በማኅበሩ ፋይል ያዙ።