የመውጫውን ገጽ አስቀድማችሁ አንብቡ

ልጆቼ፣

በፈንድ ሒሳብ ሠራተኛነት ስቀጠር የግል ኢንቨስትመንት ፈንዶች፣ ማለትም የባለሀብቶችን ገንዘብ ሰብስበው በአክሲዮን ገበያ የማይሸጡ ኩባንያዎችንና ሕንፃዎችን የሚገዙ ፈንዶች፣ የጡረታ ድርጅቶችና የቱጃሮች ሰፈር ነበሩ። ዝቅተኛው መዋጮ በሚሊዮን ይቆጠር ነበር። ዛሬ እንደ አይካፒታልና ሙንፌር ያሉ የኢንተርኔት መድረኮች የብዙ ሰዎችን ገንዘብ በአንድ መጋቢ ፈንድ አጠራቅመው ወደ ትልቁ ፈንድ ያስገባሉ። በአውሮፓ ኅብረት ለረጅም ጊዜ ኢንቨስትመንት ፈንዶች የተጣለው የ10,000 ዩሮ ዝቅተኛ መጠን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ተነሥቷል። የአሜሪካ ሕግ ግን ማን መግባት እንደሚችል ለመወሰን አሁንም በአብዛኛው የሚለካው ኪስን ነው፤ 200,000 ዶላር ዓመታዊ ገቢ፣ ወይም ከመኖሪያ ቤት ውጭ 1 ሚሊዮን ዶላር ሀብት። ገንዘብ ያለው ሁሉ ሰነድ ማንበብ የሚችል ይመስል!

በሩ መከፈቱን አልቃወምም። የምፈራው የመግቢያው ቅልጥፍና ስለ መውጫው እንዳያዘናጋችሁ ነው።

በወጣትነቴ ለሠራተኞች ከተመደበ ጥቂት ድርሻ ላይ እኔም ፈርሜ ነበር። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አይከፈልም፤ ቃል ትገባላችሁ፣ አስተዳዳሪው የሚገዛው ኩባንያ ሲያገኝ ክፈሉ ብሎ ይጠራችኋል። ሁለቱን ጥሪዎች ከደመወዜ ከፈልኩ። ሦስተኛው የአክሲዮን ገበያ በወደቀበት ሳምንት ደረሰ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው፦ መጠኑ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ፣ የ10 ቀን ቀነ ገደቡ። ካልከፈልኩ ያስገባሁትም ሊወረስ እንደሚችል በፈረምኩት ውል ተጽፏል። ያለኝን አክሲዮን በረከሰ ዋጋ ሸጬ ከፈልኩ። ፈንዱ ከዓመታት በኋላ አተረፈ፤ የሸጥኩት አክሲዮን ግን በእጄ ቢቆይ ኖሮ የበለጠ ያተርፍልኝ ነበር።

ክፍያውንም በእርሳስ አስሉት። የተለመደው 2 በመቶ የአስተዳደር ክፍያና ከትርፉ 20 በመቶ ነው። 100,000 ዶላር ቃል ገብታችሁ በመጀመሪያው ዓመት 30,000 ብቻ ቢጠራ፣ 2 በመቶው ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በ100,000ው ላይ ነው። 2,000 ዶላር ማለት ነው፤ ሥራ ላይ ከዋለው ገንዘብ ከ6 በመቶ በላይ። የመድረኩ ክፍያ በዚህ ላይ ይደረባል።

«በየወሩ ማውጣት ይቻላል» የሚሉትን ፈንዶች ደግሞ አጥብቃችሁ መርምሩ። ብላክስቶን የተባለው የአሜሪካ ፈንድ አስተዳዳሪ ድርጅት የሪል እስቴት ፈንድ ከተጣራ ሀብቱ በወር እስከ 2፣ በሩብ ዓመት እስከ 5 በመቶ ብቻ እንደሚመልስ በሰነዱ አስፍሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የገንዘብ ማውጣት ጥያቄ ከዚያ ሲበልጥ ገደቡን ሥራ ላይ አዋለ። ጥያቄዎቹ ሙሉ በሙሉ የተስተናገዱት ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሕንፃ በአንድ ቀን አይሸጥምና አስተዳዳሪውን አልወቅስም፤ ገደቡ የተጻፈበትን የመውጫ ገጽ ሳያነቡ የገቡት ግን ያሳዝኑኛል።

እኔ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ከሀብቴ አንድ አሥረኛው በእነዚህ ፈንዶች ውስጥ ነው። ያልተጠራው ገንዘብ በተለየ የባንክ ሒሳብ ተቀምጧል፤ ባለቤቴም ቁጥሩን ታውቀዋለች።