ማታ መስኮት የሚመታው ጥንዚዛ ሳርሽን አልበላም

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። ማታ መብራት ሲበራ ቡናማ ጥንዚዛ እየመጣ መስኮት ላይ ይላተማል፣ የግቢሽ ሳር ደግሞ ቦታ ቦታ እየደረቀ ነው፣ ጥንዚዛውን ምን ልርጭበት ነው ያልሽው። ባጭሩ፣ ጥንዚዛውን ተዪው። ሥራሽ ያለው አፈሩ ውስጥ ነው።

የሰኔ ጥንዚዛ የሚባለው ይሄ በራሪ ነፍሳት ሳር አይነካም። ማታ ወጥቶ የዛፍ ቅጠል ይበላል፣ ይጋባል፣ ቀን ይደበቃል። አይናደፍም። ሴቷ ግን አፈር ውስጥ ገብታ እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉ በ3 ሳምንት ገደማ ይፈለፈልና ትሉ የሳሩን ሥር መቆርጠም ይጀምራል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ሁኔታ ትሉ ከ1 እስከ 3 ዓመት አፈር ውስጥ ይኖራል፣ ብርድ ሲመጣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲሞቅ ተመልሶ ወደ ሥሩ ይጠጋል። 3 ዓመት የሚፈጀው ዝርያ ከሆነ በሁለተኛው ዓመት ላይ ነው ሆዱ የማይጠረቃው። ስለዚህ ዘንድሮ መስኮትሽን የሚመታው ጥንዚዛና ዘንድሮ ሳርሽን የሚበላው ትል ጭራሽ የተለያየ ዓመት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ።

መድኃኒት ከመግዛትሽ በፊት የደረቀውን ሳር ጨብጠሽ ሳቢው። ሥሩ አልላቀቅ ካለ ችግሩ ትል ላይሆን ይችላል፤ ውሃ ጥም ወይም የሳር በሽታ ይሆናል። እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተነሳልሽ ግን ሥሩ ተበልቷል ማለት ነው። ስትረግጪው ስፖንጅ ስፖንጅ ማለቱም ምልክት ነው። ወፎችና ሌሎች እንስሳት ሳሩን እየገለበጡ ከቆፈሩትም እነሱ ቀድመውሽ አውቀዋል።

ከዚያ አካፋ ያዢ። መቁረጥ ያለብሽ የሞተው መሃል ላይ ሳይሆን አረንጓዴውና ቡናማው የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ትሉ የሚበላው ሥር ወዳለበት ይሄዳል። 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ካሬ በሦስት ጎን ቁረጪና ሳሩን ገልብጪው፣ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ድረስ አፈሩን በእጅሽ አፍርሺ። ነጭ፣ ወፍራም፣ ጥቅልል ያለ ትል ታገኛለሽ። ጭንቅላቱ ቡናማ ነው፣ ፊቱ አካባቢ ስድስት እግር አለው፣ የበላው አፈር በቆዳው ውስጥ ስለሚታይ ጭራው ጠቆር ይላል። መዳፍሽ ላይ ስታደርጊው ጎኑ ላይ ተኝቶ ይጠቀለላል። በጀርባው ተገልብጦ መሄድ ከጀመረ ሌላ ዝርያ ነው፣ እሱ በአብዛኛው የበሰበሰ ነገር ነው የሚበላው።

በአንድ ካሬ አንድ ሁለት ትል ካገኘሽ መልሰሽ ድፈኚውና ውሃ አጠጪው። ደህና ሳር ይቋቋመዋል። 4 እና 5፣ ከዚያም በላይ፣ በተለያየ ቦታ ላይ ደጋግሞ ከወጣ ነው እርምጃ የሚያስፈልገው።

እርምጃው ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ትሉ ትንሽ እያለ፣ ገና እንደተፈለፈለ፣ በቀላሉ ይሞታል። አድጎ ከደነደነ በኋላ የሚረጨው መድኃኒት ግን ብዙ ጊዜ ገንዘብ መድፋት ነው። እኔ የምመርጠው ኔማቶድ ነው፣ በዓይን የማይታይ ትል ገዳይ ትል በይው። ሄትሮራብዲቲስ ባክቴሪዮፎራ የሚባለውን ጠይቂ። ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ አሮጌ ዕቃ አትግዢ፣ ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪው። መጀመሪያ አፈሩን አርጥቢ፣ ፀሐይ ስለሚገድለው አመሻሹ ላይ አጠጪው፣ አፈሩም ሞቅ ያለ ይሁን። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን ርጥበቱን ካልጠበቅሽለት አይሠራም። «አይረባም» የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ በጠራራ ፀሐይ ደረቅ መሬት ላይ የደፉት ናቸው።

ሚልኪ ስፖር (ትል የሚያሳምም ባክቴሪያ ያለበት ዱቄት) ግዢ የሚልሽ ሰው ካለ እለፊው። እሱ የጃፓን ጥንዚዛ ትል ላይ እንጂ የሰኔው ላይ አይሠራም። ኬሚካል ከሆነ የግድ፣ ክሎራንትራኒሊፕሮል ለንብ የተሻለ ነው፣ ግን ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ትሉ ከመፈልፈሉ ቀደም ብሎ መግባት አለበት። ኢሚዳክሎፕሪድ ንብ ይጎዳል፣ ሳሩ መሃል አበባ ካለ በፍጹም እንዳትረጪ።

ከዚህ ውጭ፦ ሳሩን ከሥር አትላጪው፣ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ይቅር፣ ረዘም ሲል ሥሩም ጠለቅ ይላል። ጥንዚዛው በሚበዛበት ሰሞን ውሃ ቀነስ አድርጊ፣ እንቁላሉ ርጥበት ከሌለ ይደርቃል። የበረንዳውን መብራት አጥፊ ወይ ቢጫ አምፖል አድርጊ። ጥንዚዛ መግደል ካማረሽ ማታ እየለቀምሽ ሳሙና የተበጠበጠበት ባልዲ ውስጥ ጣይ፣ ልጆች ይወዱታል።

ሳር የነበረበትን ቦታ ለአትክልት ካሰብሽ ግን ተጠንቀቂ። ትሉ ሳሩ ሲነሳበት ወደ ድንቹ፣ በቆሎውና እንጆሪው ሥር ይዞራል። አስቀድመሽ ደጋግመሽ ቆፍሪ፣ የወጣውን ልቀሚ፣ ወፎቹም ያግዙሽ።

ቆፍረሽ ስትቆጥሪ ስንት እንዳገኘሽ ጻፊልን። ፎቶ ካነሳሽ ደግሞ ከጭንቅላቱ ይልቅ የጭራውን የታች ጎን አቅርበሽ አንሺ፣ እዚያ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች በሁለት ትይዩ መስመር ከተሰለፉ የሰኔው ጥንዚዛ ትል ነው።