መልስ፦ የላይኛው ሞስፌት ለምን ይግላል?
ወንድሜ፣ የኢንቨርተርህ የላይኛው ሞስፌት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራው ትራንዚስተር) የሚግለው ከቡትስትራፕ ካፓሲተሩ፣ ማለትም እሱን ለማብራት የሚያስፈልገውን ቻርጅ ከሚያጠራቅመው፣ ይሆን ወይ ብለሃል። በጣም ይመስለኛል፤ ያስገባኸው 0.1 ማይክሮፋራድ ትንሽ ነው።

የሞስፌትህ የአይአርኤፍ3205 ጌት (የሚያበራውና የሚያጠፋው እግር) እስከ 146 ናኖኩሎምብ ቻርጅ ይወስዳል። የካፓሲተሩ ቮልቴጅ ከ0.5 ቮልት በላይ እንዳይወርድ ካሰብክ 146ን ለ0.5 አካፍል፤ 292 ናኖፋራድ፣ ማለትም 0.29 ማይክሮፋራድ ገደማ ይመጣል። ከኢንቨርተርህ ድልድይ ሁለት ወገኖች በ20 ኪሎኸርዝ ለሚሠራው ባለ 1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ይበቃል።

የሚከብደው በ50 ኸርዝ የሚቀያየረው ወገን ነው። እዚያ የላይኛው ሞስፌት 10 ሚሊሰከንድ በርቶ ይቆያል፤ ሞስፌቶቹን የሚነዳው ቺፕ አይአር2110 ደግሞ ከዚያው ካፓሲተር እስከ 230 ማይክሮአምፔር ይስባል። ይህ ብቻውን 2.3 ማይክሮኩሎምብ ነው፣ ጌቱ ከሚወስደው 16 እጥፍ ገደማ! ያንተ 0.1 ግማሽ ዑደቱ ሳያልቅ ይራቆታል። ሁለቱን ቻርጆች ደምረህ ለ0.5 ብታካፍል ስሌቱ 5 ማይክሮፋራድ ገደማ ይላል፤ እኔ 10 አደርገዋለሁ።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ አትርሳ። 10 ማይክሮፋራዱ ኤሌክትሮላይቲክ (ውስጡ ፈሳሽ ያለው የካፓሲተር ዓይነት) ከሆነ፣ ሲቀዘቅዝ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚያስቸግረኝ አንድ ኢንቨርተር ነበር፤ ከኤሌክትሮላይቲኩ ጎን፣ ካፓሲተሩ ከሚገናኝባቸው ከቺፑ ቪቢና ቪኤስ እግሮች ሥር፣ 1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ብበይድለት ተወው።

ካፓሲተሩ የሚሞላበት ዳዮድ 1ኤን4007 ከሆነም ቀይረው፤ ለ20 ኪሎኸርዝ ዘገምተኛ ነው። ፈጣኑን ዩኤፍ4007 አስገባ።