ጥያቄና መልስ፦ መቶ ዶላሩን ከመክፈልሽ በፊት

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። ሦስቱም የክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ የኮምፒውተር አገልግሎት) ጀማሪዎች ፈተናን ይመለከታሉ፤ ሦስቱም የመጡት ከአዲስ አበባ ዳር ነው። እኔም የምውለው ገላን፣ በአንድ ፋብሪካ የአይቲ ክፍል ውስጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ላይ ለዚሁ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን አስጠናለሁ። የምመልሰው እዚያ ከማየው ተነስቼ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በአካውንቲንግ ዲፕሎማ አለኝ። የአማዞንን ክላውድ ፕራክቲሽነር ፈተና ለመውሰድ ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ። የአገልግሎቶቹን ስም በቁርጥራጭ ካርድ ላይ ጽፌ ሸምድጃለሁ። መለማመጃ ጥያቄ ስሠራ ግን ከአራቱ ምርጫ ሁለቱን እጥልና በቀሩት ሁለት መሃል ችክ እላለሁ። እንግሊዝኛ ሳነብም ቀርፋፋ ነኝ። ቤታችን ብዙ ሰው አለ፣ መብራትም ይጠፋል። መቼ ልመዝገብ? ቤት ልፈተን ወይስ ማዕከል ልሂድ? (የኮዬ ፈጬዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት መልስ ላይ መድረስሽ ስሞቹን እንደያዝሽ ያሳያል። የቀረሽ ሌላ ነገር ነው። ይህ ፈተና የአገልግሎት ስም ቆጥሮ አይጠይቅሽም። አንድ ችግር ይሰጥሽና የትኛው አገልግሎት እንደሚፈታው ይጠይቅሻል። ስለዚህ ካርዶቹን ለጊዜው አስቀምጫቸው።

አንድ ምሳሌ ላሳይሽ። ራሴ ለልጆቹ ያዘጋጀሁት ጥያቄ ነው። «አንድ ድርጅት ትናንት ማታ አንድ የኤስ3 ባኬት (የፋይል ማስቀመጫ) ተሰርዞበታል። ማን እንደሰረዘው ለማወቅ የትኛውን አገልግሎት ይጠቀም?» ምርጫዎቹ ክላውድዋች፣ ክላውድትሬይል፣ ኢንስፔክተርና ትረስትድ አድቫይዘር ናቸው። አብዛኞቹ ልጆች ኢንስፔክተርንና ትረስትድ አድቫይዘርን ቶሎ ይጥላሉ። ከዚያ በክላውድዋችና በክላውድትሬይል መሃል ይቀራሉ። ሁለቱም «ይከታተላሉ» ተብሎ ነው የተሸመደደው። አሁን ወደ ጥያቄው ተመለሽና «ማን» የምትለዋን ቃል ያዢ። ክላውድዋች ሰርቨሩ ምን ያህል እንደተጨናነቀ ይለካል፣ ከልክ ሲያልፍ ማንቂያ ይልካል። ክላውድትሬይል ደግሞ ማን፣ መቼ፣ ከየት ሆኖ ምን ትእዛዝ እንደሰጠ ይመዘግባል። ባኬቱን የሰረዘው ሰው ስም ያለው እዚያ ነው።

መልሱን ስታገኚ ግን አትለፊው። ደብተር ያዢና ገጹን ለሁለት ክፈዪው። በግራ በኩል የጣልሻቸውን ሦስት ምርጫዎች ጻፊ፤ በቀኝ በኩል እያንዳንዱ ለምን እንዳልሆነ በአማርኛ፣ በራስሽ አባባል በአንድ መስመር አስቀምጪ። «ኢንስፔክተር፦ ሶፍትዌር ውስጥ የደህንነት ክፍተት ይፈልጋል፤ ማን ምን እንዳደረገ አይነግረኝም።» «ትረስትድ አድቫይዘር፦ ስለ ወጪና ስለ ደህንነት ምክር ይሰጣል፤ መዝገብ አይደለም።» እንዲህ ነው የሚጻፈው። መጀመሪያ ላይ ሥራው አዝጋሚ ነው፣ አንድ ጥያቄ ሩብ ሰዓት ሊበላ ይችላል። ግን ያቺን መስመር መጻፍ ካቃተሽ ነገሩን አላወቅሽውም ማለት ነው፤ መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ በግምት ነው ያገኘሽው። ቅዳሜ የሚመጡት ልጆች ሲሻሻሉ የማየው ይህ ደብተር ሲሞላ ነው፤ በታየው ቪዲዮ ብዛት ሲሻሻሉ አላየሁም።

አንቺ አካውንቲንግ የተማርሽ ስለሆነ የዋጋው ክፍል ይቀልሻል። እዚያም ቃል ማሳደድ ነው ነገሩ። «ሥራው መሃል ላይ ቢቋረጥ ችግር የለውም» ካለሽ ስፖት የሚባለው የማሽን ኪራይ ነው። ዋጋው ከመደበኛው እስከ 90 በመቶ ይቀንሳል፣ ግን አማዞን ማሽኑን ሲፈልገው ሁለት ደቂቃ አስቀድሞ አሳውቆ ይወስደዋል። «ለሦስት ዓመት ያለማቋረጥ ይሠራል» ካለሽ ለረጅም ጊዜ ቃል ገብተሽ በቅናሽ ወደምትከፍዪበት ወደ ሪዘርቭድ ወይም ወደ ሴቪንግስ ፕላን ሂጂ። ሥራው መቼ እንደሚበዛ የማይታወቅና መቋረጥም የማይችል ከሆነ በተጠቀምሽው ልክ የምትከፍዪበት ኦንዲማንድ ነው።

የፈተናውን ቅርጽ በደንብ እወቂው። 65 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ፣ 100 ዶላር። የማለፊያው ነጥብ ከ1000 700 ነው። ከ65ቱ 15ቱ ለሙከራ የገቡ ናቸው፣ አይቆጠሩም፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይነገርሽም። ስለዚህ አንድ የማታውቂው እንግዳ ነገር ሲመጣ አትደንግጪ፣ ገምተሽ እለፊ። ለተሳሳተ መልስ ቅጣት የለም፤ ባዶ የተተወ ግን እንደተሳሳተ ይቆጠራል። የክፍሎቹ ክብደት ደግሞ ይህ ነው፦ የክላውድ ጽንሰ ሐሳብ 24 በመቶ፣ ደህንነት 30 በመቶ፣ ቴክኖሎጂና አገልግሎቶች 34 በመቶ፣ ዋጋና ድጋፍ 12 በመቶ። እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ማለፍ አይጠበቅብሽም፤ የሚታየው ድምሩ ነው።

ደህንነት 30 በመቶ መሆኑን ብዙ ሰው አቅልሎ ያየዋል። እዚያ ውስጥ ደግሞ የኃላፊነት ክፍፍሉ ደጋግሞ ይመጣል። እንደምትኖሪበት ኮንዶሚኒየም አስቢው፤ የግቢው አጥርና ጥበቃ የጋራ ጉዳይ ነው፣ የቤትሽን በር መቆለፍ ግን ያንቺ ነው። የአማዞን ድርሻ ሕንፃው፣ ማሽኑና ኔትወርኩ ነው። መረጃሽና ማን እንዲገባ የምትፈቅጂው ሁልጊዜ ያንቺ ድርሻ ነው። የሚያደናግረው መሃሉ ነው። ኢሲ2 (የሚከራይ ሰርቨር) ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን አፕዴት የምታደርጊው አንቺ ነሽ። አርዲኤስ (አማዞን የሚያስተዳድረው ዳታቤዝ) ላይ ግን ያንን የሚሠራው አማዞን ነው። ይህችን ልዩነት ደብተርሽ ላይ በትልቁ ጻፊያት።

የምታጠኚው ነገር አዲሱን ፈተና የሚመለከት መሆኑን አረጋግጪ። አሁን ያለው ሲኤልኤፍ-ሲ02 የሚባለው ነው፤ የጀመረው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። በፍላሽ የሚዞሩት ብዙ ቪዲዮዎች የቀድሞው ፈተና፣ የሲ01 ናቸው። ስኪል ቢልደር የሚባለው የአማዞን የትምህርት ድረ ገጽ ላይ የመግቢያ ኮርሱና 20 መለማመጃ ጥያቄዎች በነፃ አሉ። ከዚያ ጀምሪ። የፈተናውን መመሪያም አውርጂና እያንዳንዱን ርዕስ እያነበብሽ «ይህን ለእናቴ ማስረዳት እችላለሁ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ።

የራስሽን አካውንት ከፍተሽ መለማመድ ከቻልሽ ጥሩ ነው፤ ግን የባንክ ካርድ ይጠይቃል፣ በብር ብቻ የሚሠራ ካርድ ደግሞ አያስኬድሽም። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ የሚከፈት አካውንት የነፃ ፕላን መምረጥ ይችላል። ሲከፈት 100 ዶላር ክሬዲት ይሰጣል፣ የተወሰኑ መልመጃዎች ሲሠሩ ደግሞ እስከ 100 ዶላር ይጨመራል። ስድስት ወር ሲሞላ ወይም ክሬዲቱ ሲያልቅ ይዘጋል። ነፃ ፕላኑ ላይ እስካለሽ ድረስ ሳታውቂው ቢል አይመጣብሽም። ከከፈትሽ መጀመሪያ የምትሠሪው ሥራ የዋናው አካውንት መግቢያ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ ማድረግ ነው። እሱም ይጠየቃል፤ ከፈተናው ይልቅ ግን ለራስሽ ብለሽ አድርጊው።

እንግሊዝኛው ብዙ አያስጨንቅሽ። መጀመሪያ የጥያቄውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አንብቢ፣ የሚፈለገው እዚያ ነው ያለው። ከዚያ ወደ ላይ ተመለሽ። አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም፦ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ላልሆነ ተፈታኝ አማዞን 30 ደቂቃ ይጨምራል። ኢኤስኤል ፕላስ 30 ይሉታል። የምትጠይቂው ግን ቀን ከመያዝሽ በፊት ነው። ቀኑን አንዴ ከያዝሽ በኋላ ለዚያ ፈተና አይሠራልሽም። እባክሽ ይህን አትርሺው። ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው 30 ደቂቃ ትልቅ ነገር ነው።

ቤት ወይስ ማዕከል ላልሽው፣ ማዕከል ሂጂ። ቤት ስትፈተኚ ክፍሉ ውስጥ ብቻሽን መሆን አለብሽ። ጠረጴዛው ባዶ መሆን አለበት፣ ክፍሉንም ፎቶ አንስተሽ ትልኪያለሽ። ሰው በሩን ከፍቶ ቢገባ፣ አንቺም ከካሜራው ብትወጪ ፈተናው ሊቋረጥ ይችላል። ብዙ ሰው ባለበት፣ መብራትም በሚጠፋበት ቤት መቶ ዶላርሽን ውሃ እንዲበላው አልፈልግም። ፈተናውን በሚሰጠው ድርጅት፣ በፒርሰን ቪው ላይ ስትመዘገቢ አዲስ አበባን አስገቢና ክፍት ቀን ያለውን ማዕከል ምረጪ። ከኮዬ ፈጬ ጠዋት ታክሲ ማግኘት እንዴት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ስለዚህ ረፋድ ላይ ያለውን ሰዓት ያዢ።

ስምሽ መታወቂያሽ ላይ በላቲን ፊደል እንደተጻፈው፣ አንድ ፊደል ሳይለይ ይመዝገብ። ፓስፖርት ካለሽ እሱን ተጠቀሚ። በኛ ስም አጻጻፍ አንዱ ሰነድ ላይ አንድ «ኤስ»፣ ሌላው ላይ ሁለት «ኤስ» ይሆናል፤ በር ላይ ሊመልስሽ የሚችለው ይህ ነው።

መቼ ልመዝገብ ላልሽው ደግሞ፣ ከዚህ በፊት ያላየሻቸውን መለማመጃ ፈተናዎች ስትሠሪ በተከታታይ ከ80 በመቶ በላይ ስታመጪና የጣልሻቸውን ምርጫዎች ምክንያት መጻፍ ስትችዪ። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ብትወድቂ ከ14 ቀን በኋላ ትደግሚያለሽ፣ ግን ሙሉውን ትከፍያለሽ። ብታልፊ ለቀጣዩ ፈተና የ50 በመቶ ቅናሽ ታገኛለሽ።

ጥያቄ፦ ሰበታ ነዋሪ ነኝ፣ የአራት ልጆች አባት። ትልቁ ልጄ ለክላውድ ፈተና ገንዘብ ክፈልልኝ እያለኝ ነው። አንዴ የአማዞን፣ አንዴ የማይክሮሶፍት ይላል። እኔ ነገሩን አላውቀውም። ይህ ወረቀት ሥራ ያስገኝለታል? (የሰበታው አባት)

መልስ፦ ጋሼ፣ በቀጥታ ልንገርዎት፤ ወረቀቱ ብቻውን ሥራ አያስገኝም። ልጅዎ የዘርፉን ቋንቋ እንደሚያውቅ ያሳያል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲገባ መነጋገሪያ ይሆነዋል። ለዚህ ሲሉ ቢከፍሉለት አይቆጭዎትም። «ሰርተፊኬቱን ውሰዱ፣ ሥራው ከኛ ነው» የሚል ሰው ቢመጣ ግን አይክፈሉ።

ከመክፈልዎ በፊት ልጁን ሁለት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ የሠራውን ያሳይዎት። ክላውድ ላይ ያስቀመጣት አንድ ተራ ድረ ገጽ ትበቃለች፤ በስልክዎ ይክፈቱለትና እንዴት እንደሠራት ያስረዳዎት። ሁለተኛ፣ የመለማመጃ ውጤቱን ያሳይዎት። ሁለቱንም ካሳየዎት ቁም ነገረኛ ነው።

ከሁለቱ የቱ ለሚለው፣ ሊቀጠርባቸው የሚያስባቸው መሥሪያ ቤቶች ምን እንደሚጠቀሙ ይጠይቅ። ኢሜይላቸውና ሰነዳቸው በማይክሮሶፍት 365 የሚሠራ ከሆነ የማይክሮሶፍቱ የጀማሪዎች ፈተና ኤዜድ-900 ይቀርበዋል። የፈተናው ጊዜ 45 ደቂቃ ነው፣ ማለፊያው እዚያም 700 ነው፣ ሰርተፊኬቱም ጊዜው አያልፍም። የአማዞኑ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ለኤዜድ-900 ማይክሮሶፍት ለርን በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ትምህርቱም መለማመጃውም በነፃ አለ፤ ልጅዎ «ለኮርስ» ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ከጠየቀዎት መጀመሪያ ያንን ይጨርስ። የማይክሮሶፍቱ ዋጋ እንደየአገሩ ይለያያል፤ ሲመዘገብ ገጹ ላይ የሚወጣውን ራስዎ ይዩት።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ነኝ። ቴሌግራም ላይ የእውነተኛው ፈተና ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ይሸጣሉ። ጓደኛዬ በዚያ አለፍኩ ይላል። ልግዛ? (የሱሉልታው)

መልስ፦ አትግዛ ወንድሜ። ስትፈተን የጥያቄዎቹን ምስጢር ለመጠበቅ የምትስማማበት ውል አለ፤ ደምፕ (ሾልኮ የወጣ የፈተና ጥያቄ) መጠቀም ያንን መጣስ ነው። ከተደረሰብህ ሰርተፊኬትህ ይሰረዛል፣ ዳግም እንዳትፈተንም ልትታገድ ትችላለህ። እነዚያ ፋይሎች ውስጥ ደግሞ የተሳሳተ መልስ ሞልቷል። ልጆች ይዘውልኝ ሲመጡ አይቻለሁ፤ የአርዲኤስን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደንበኛው ያድሳል የሚል አንድ ገጽ አለ፣ ተሸምድዶ የሚዞረውም እሱ ነው። የጓደኛህ ጉዳይ የሚለየው ሥራ ቦታ ሰርቨር ፊት ሲቀመጥ ነው።

ለደምፕ ልትከፍል ያሰብከውን ብር የሌሊት ዳታ ጥቅል ግዛበት። የስኪል ቢልደርን ኮርስ ክፈትና ለኮዬ ፈጬዋ እህታችን የነገርኳትን ደብተር አንተም ጀምር። ከተጣበቅክ የጣልካቸውን ምርጫዎችና የጻፍከውን ምክንያት ጭምር ላክልኝ፤ መልሱን ብቻ የሚጠይቅ ደብዳቤ ግን አልመልስም።