መጠይቁን ቦርሳ ውስጥ ተዉት

በሐዋሳና በዙሪያዋ ለመስክ ጥናት የምትሰናዱ ልጆቼ፣

ከማኅበረሰብ ጋር የሚሠራ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ሳትወጡ ነው። ጥያቄው ቢሮ ውስጥ ተቀርጾ ያልቃል፣ ፕሮፖዛሉ ይጸድቃል፣ በጀቱ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ሰዉ «የኛ ጭንቀት እኮ ሌላ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ረቂቅ ሳለ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሂዱ፤ መጠይቅም መቅረጸ ድምፅም ሳትይዙ።

የሲዳማ ሽማግሌዎች ጉዳይ ሲያነሱ «አፊኒ» ይላሉ፤ «ሰማችሁ ወይ?» እንደ ማለት ነው። ሁሉም ሳይሰማና ሳይመክርበት ነገር አይቆረጥም። እናንተም ሐሳባችሁን ተናግራችሁ ለምክክር ጊዜ ስጡ። በዚያው ቀን መልስ ማስጨነቅ አክብሮት አይደለም።

ቀን ስትይዙ ደግሞ የሲዳማን ሳምንት እወቁ፦ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ፤ አራት ቀን ነው። ገበያው በዚህ ዑደት በሚውልበት ቀበሌ «በየማክሰኞው እንመጣለን» ካላችሁ፣ ከአራት ማክሰኞ አንዱ ገበያ ላይ ይወድቃል። ያን ቀን ቤት የሚቀረው ሕፃንና አቅመ ደካማ ነው፤ ናሙናችሁም ይዛባል።

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን እንውሰድ። ጠዋት ጀልባ ሲገባ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ያራግፋል፣ ዓሣው ሳይበላሽ ለመሸጥ ይጣደፋል። በዚያ ሰዓት ቅጽ ይዞ ፊቱ መቆም እንጀራውን መዝጋት ነው። መረቡን እየጠገነ ሲቀመጥ ቅረቡት። «በቀን ስንት ዓሣ ታወጣለህ?» ለእናንተ ቁጥር ነው፤ ለእሱ የግብር ጥያቄ ይመስለዋል፣ ቀንሶ ይነግራችኋል። የመረቡን ዓይን ስፋት መጠየቅማ ጠባብ መረብ ለያዘ ሰው ክስ ነው። ስለዚህ ስለ ሐይቁ ለውጥ ጀምሩ፤ ቆሮሶው ድሮ የት ይገኝ እንደነበር፣ መጠኑ እንዴት እንደቀነሰ ከእሱ የሚበልጥ አስተማሪ አታገኙም። የመረቡን ጥያቄ ለመጨረሻ አቆዩት፤ በዚያ ወረቀት ላይ ስም አይጻፍ።

ስም መመዝገብ ሌላም መዘዝ አለው፤ ብዙ ሰው እርዳታ ሊመጣ ነው ብሎ ያስባል። ምን እንደማትሰጡ በመጀመሪያው ደቂቃ ተናገሩ። ለባከነው ሰዓት የምትከፍሉት ካለ ለሁሉም እኩል ይሁን፤ ሰው ለገንዘቡ ሲል ብቻ እሺ እስኪል ድረስ ግን አይብዛ።

ሰዉ በጥናቱ ለመሳተፍ ፈቃዱን በሚሰጥበት የስምምነት ቅጽ ላይ በተለይ አደራ እላችኋለሁ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። አንድ ሰው ወደ ሲዳምኛ ይተርጉመው፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ አማርኛ ያምጣው፣ ሁለቱን አስተያዩ። ከዚያ ከጥናቱ ውጭ ባለ ቀበሌ ከ5 እስከ 10 ሰው አንብቡላቸውና በራሳቸው ቃል እንዲደግሙት ጠይቁ። «ገባኝ» የሚለው መልስ ምንም አይነግራችሁም፤ ለእንግዳ አልገባኝም ማለት ያሳፍራል። «መሀል ላይ ማቆም እችላለሁ» የሚለውን ከዘለሉት አረፍተ ነገሩ መጻፍ ያለበት እንደገና ነው።

ቅጹ ላይ የጣት አሻራ ማድረግም ያስፈራል፤ በመሬትና በብድር ወረቀት የተጎዳ ብዙ ነው። ምስክር ባለበት የቃል ስምምነት እንዲፈቀድላችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ያስተዋውቃችሁ፣ ከዚያ አመስግናችሁ ሸኙት። አጠገባችሁ ከተቀመጠ የምትሰሙት ለእሱ የሚነገረውን ነው። እናቶችን ስለ ወሊድና ስለ ትዳር የምታናግር ሴት ትሁን።

ከ20 የመስክ ቀን 2ቱን ውጤቱን ይዛችሁ ወደ ሰዉ ለመመለሻ ከመጀመሪያው በጀት ያዙ። ጥናቱ ከመታተሙ በፊት ውጤቱን በሁለት ገጽ በሲዳምኛ አዘጋጁ፣ የእድሩ ስብሰባ ላይ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ «የት ላይ ተሳሳትን?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚታረመውን እዚያው፣ እያዩዋችሁ፣ ጻፉት።