ናሚቢያ አገርነቷን ከማን አገኘች?

ሰሞኑን ስለ ናሚቢያ ስናወራ ክርክሩ ጦፎ ነበር። አንዳንዶቻችሁ «የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ነው የፈጠራት» አላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ደቡብ አፍሪካ ስለለቀቀቻት ነው» አላችሁ። ጉዳዩን ለዓመታት ስከታተለው ስለኖርኩ ጥያቄዎቻችሁን ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማንዴት የሚሉት ነገር ቅኝ ግዛት በሌላ ስም አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ለነዋሪው ብዙም ልዩነት አልነበረውም። በሕግ ግን ትልቅ ልዩነት አለው። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስትሸነፍ ቅኝ ግዛቶቿ ለአሸናፊዎቹ ርስት ሆነው አልተሰጡም። ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በፊት የነበረው የመንግሥታቱ ማኅበር በአደራ ነው ያስያዛቸው፤ ማንዴት የሚባለው ይህ አደራ ነው። ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ የዛሬዋ ናሚቢያ፣ በ1920 በደቡብ አፍሪካ እጅ የገባችው በዚህ መንገድ ነው። የማኅበሩ ቃል ኪዳን «የሥልጣኔ ቅዱስ አደራ» ይል ነበር። «ሥልጣኔ» የምትለዋ ቃል ንቀት አለባት። «አደራ» የምትለዋ ግን ኋላ ደቡብ አፍሪካን ጠፍራ ያዘቻት። እኛስ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እንል የለ?

ጥያቄ፦ ማኅበሩ በ1946 ፈረሰ። አደራ ሰጪው ከሌለ አደራው ምን ይሆናል?

መልስ፦ የደቡብ አፍሪካ ዋና መከራከሪያ ይኸው ነበር። ግዛቱን ጠቅልላ ልትወስደው ፈለገች። በ1950 ግን ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በምክር አስተያየቱ ማንዴቱ አልሞተም አለ። ያቀረበው ምክንያት በጣም ይማርከኛል። እዚያ የመቀመጥ መብት ያገኘሽው በማንዴቱ ነው፤ ማንዴቱ ከሞተ መብትሽም አብሮ ይሞታል ነው ነገሩ። ግዴታውን ጥሎ መብቱን ብቻ ማስቀረት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ከሳ ተሸንፋለች ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ክሱ እውነት ነው። «ተሸንፋለች» የሚለው ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካ አደራዋን በልታለች ብለው ክሱን ሄግ ላይ ላለው ለዚሁ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ያቀረቡት በኖቬምበር 1960 ነው። ለምን እነሱ? የማንዴቱ አንቀጽ 7 የመክሰስ መብት የሚሰጠው ለማኅበሩ አባላት ነበር። አዲስ ነጻ የወጡት የአፍሪካ አገሮች በማኅበሩ ዘመን ቅኝ ግዛት ስለነበሩ በዚህ በር መግባት አይችሉም። ኢትዮጵያ ግን ከ1923 ጀምሮ አባል ነበረች። ጣልያን ሲወራት ያ ማኅበር አልደረሰላትም። እሷ ግን የዚያኑ ማኅበር አባልነቷን ይዛ ለሌላ ሕዝብ ቆመች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

በ1962 ፍርድ ቤቱ 8 ለ7 በሆነ ድምፅ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። በ1966 ግን ዳኞቹ 7 ለ7 እኩል ተከፈሉ። የፕሬዚዳንቱ፣ የአውስትራሊያዊው ፐርሲ ስፔንደር፣ ወሳኝ ድምፅ ውጤቱን ገለበጠው። ከሳሾቹ በጉዳዩ የራሳቸው ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተባለ። ደቡብ አፍሪካ በግዛቱ ስላሰፈነችው የዘር መድልዎ ሥርዓት፣ ስለ አፓርታይድ፣ አንዲት ውሳኔ ሳይሰጥ ስድስት ዓመት የፈጀው ክስ ተዘጋ። አፍሪካ ተቆጣች። ከሦስት ወር ጥቂት ቀናት በኋላ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 1966፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ114 ድምፅ ማንዴቱን ሰረዘ። የተቃወሙት ደቡብ አፍሪካና ፖርቱጋል ብቻ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ጠቅላላ ጉባኤው እኮ ምክር እንጂ አስገዳጅ ውሳኔ አይሰጥም። በምን ሥልጣኑ ሰረዘው?

መልስ፦ ከሁሉም የሚከብደው ክርክር ይሄ ነው። ብሪታንያና ፈረንሳይም ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። መልሱ በ1971 መጣ። ፍርድ ቤቱ ማንዴትን እንደ ውል አየው። አንዱ ወገን ውሉን ክፉኛ ከጣሰ፣ ሌላው ማፍረስ ይችላል። የጸጥታው ምክር ቤትም በ1970 ስረዛውን አጽንቶት ነበር። ስለዚህ 13 ለ2 በሆነ ድምፅ የደቡብ አፍሪካ እዚያ መቆየት ሕገ ወጥ ነው ተባለ። ለእኔ ጠንካራው ምሰሶ የጉባኤው ሥልጣን አይደለም። አደራ መበላቱ ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው የተባበሩት መንግሥታት ፈጠራት ማለት ትክክል ነዋ!

መልስ፦ አይደለም። አደራ በላን ማስወጣት ሌላ፣ ባለቤት መሆን ሌላ። የ1971ዱ አስተያየት ራሱ የአደራው መጨረሻ የሕዝቡ የራሱን ዕድል መወሰንና ነጻነት መሆኑን ተናግሯል። ድርጅቱ በ1967 ግዛቱን የሚያስተዳድር ምክር ቤት አቋቋመ። በ1968 «ናሚቢያ» የሚለውን ስም ተቀበለ። ግን መሬት ላይ አገር አልተፈጠረም። የናሚቢያ የነጻነት ንቅናቄ ስዋፖ ከ1966 ጀምሮ በጠመንጃ ታገለ። በ1988 መጨረሻ አንጎላ፣ ኩባና ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያ ነጻ እንድትወጣ ተፈራረሙ። በኖቬምበር 1989 ሕዝቡ መረጠ፤ ስዋፖ ከ72 መቀመጫ 41 አገኘ። የተመረጡት ሰዎች ሕገ መንግሥቱን ጻፉ። ነጻነት በማርች 21 ቀን 1990 ታወጀ። «ደቡብ አፍሪካ ለቀቀች» ለምትሉም መልሴ ያው ነው። ያልነበራትን መብት ልትሰጥ አትችልም።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ የሕግ ክርክር መሬት ላይ ምን ለወጠ?

መልስ፦ ዎልቪስ ቤይን ተመልከቱ። የናሚቢያ ትልቁ ወደብ ነው። ብሪታንያ በ1878 ስለያዘችው የጀርመን ግዛት አልነበረም። ስለዚህ ማንዴቱ ውስጥ አልገባም። በዚህ ሰበብ ደቡብ አፍሪካ ከነጻነቱ በኋላም ይዛው ቆየች። በ1990 ናሚቢያ ባንዲራዋን ስትሰቅል ዋና ወደቧ በሌላ አገር እጅ ነበር። በድርድር የተመለሰላት በማርች 1 ቀን 1994 ነው።